ከትሪ እየበሉ የምግብ መዝገብ መያዝ ይቻላል፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው

ኪሎ ለመቀነስ የካሎሪ አፕ አውርጄ ሁለቴ ትቼዋለሁ፤ አፑ ስንት ግራም በላህ ብሎ ይጠይቃል፣ እኛ ቤት ደግሞ አራት ሆነን ከአንድ ትሪ ነው የምንበላው፣ ወጡ መሃል ላይ ፈሶ አንዱ ሌላውን እያጎረሰ ማን ስንት ግራም እንደበላ በምን ይታወቃል። ስለዚ አፑን ተውኩና ደብተር ገዛሁ፣ እሱ ነው የሰራልኝ።

እንጀራውን በሩብ ቁጠሩት። ከመጀመራችሁ በፊት የኔ ድርሻ ሦስት ሩብ ነው ብላችሁ ለዩ፣ ጭማሪ ከወሰዳችሁ ሌላ ሩብ ትጽፋላችሁ። የእንጀራ መጠን ከቤት ቤት ይለያያል፣ ግን የምታወዳድሩት ያለፈውን ሳምንታችሁን ከዚህኛው ጋር ስለሆነ ከአንድ ምጣድ እስከበላችሁ ችግር የለውም። ለጉርሻ አንድ ጭረት። የእናት ጉርሻ እምቢ አይባልም፣ ግን ይጻፍ።

ዋናው ነገር ዘይት ነው፣ እዚህ ላይ አደራ። 1 ግራም ስብ 9 ካሎሪ አለው፣ ፕሮቲንና ካርቦሃይድሬት ግን በግራም 4 ናቸው፣ ስለዚ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን ወደ 120 ካሎሪ ይሆናል። ሽንኩርት ስታቁላሉ ዘይቱን ከጀሪካኑ ቀጥታ ከማንቆርቆር በማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ፤ እኔ የለካሁ ቀን አንድ የሽሮ ድስት 5 ማንኪያ ወሰደ፣ 600 ካሎሪ ማለት ነው፣ ለአራት ሲካፈል ለያንዳንዳችን 150፣ ያውም ሽሮውና እንጀራው ሳይቆጠር። ድስቱ ላይ የገባውን ለበላተኛ አካፍላችሁ ጻፉ፣ በቃ። ውጪ ስትበሉ መለካት ስለማይቻል "ውጪ፣ ጥብስ" ብላችሁ እለፉት።

የጾም ሰሞን ደግሞ ስጋና ቅቤ ስለሌለ ኪሎ ይቀንሳል ብለን እንዘናጋለን፤ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቶ የሚበላ ሰው በአንዴ የሁለት ሰው ምግብ ሊያነሳ ይችላል፣ ወጡም ላይ ዘይቱ ይበረክታል። ሱፍና ተልባም ጥሩ ምግብ ናቸው ግን ቅባታቸው ብዙ ነው። ስለዚ የበላችሁበትን ሰዓትም ጻፉ፣ ከሳምንት በኋላ የቱ ሰዓት ላይ እንደምታበዙ ራሱ ይታያችኋል።

ምግብ የማይመስሉንም አሉ። ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በቀን አራት ብትጠጡ 12 የሻይ ማንኪያ ነው፣ 48 ግራም ገደማ፤ የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 2000 ካሎሪ ለሚበላ ሰው ከዚህ አይለፍ የሚለው 50 ግራም ነው፣ ሻይ ብቻውን ጨረሰው ማለት ነው። ለስላሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ ቢራ (አንዱ ጠርሙስ 140 ካሎሪ አካባቢ)፣ ቡና ላይ የሚቀርበው ቆሎ፣ ሁሉም ይመዝገብ።

እንቅስቃሴውን በደቂቃ ጻፉ። ድርጅቱ ለአዋቂ በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይላል፣ በዛ ላይ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሰራ ነገር። ታክሲ ሳትይዙ አንድ ፌርማታ ፈጠን ብላችሁ ብትሄዱም ይቆጠራል። ብቻ ተራመድኩ ብላችሁ ምግብ አትጨምሩ፤ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ ቢራመድ የሚያቃጥለው 150 ካሎሪ ገደማ ነው፣ አንድ ማንኪያ ዘይትና ትንሽ። እንቅስቃሴ ለልብም ለእንቅልፍም ትልቅ ነገር ነው፣ ኪሎው ግን በአብዛኛው የሚወሰነው ማዕድ ላይ ነው።

ሚዛን ላይ ጠዋት ሽንት ቤት ከሄዳችሁ በኋላ፣ ሳትበሉ ውጡ። ከበዓል ማግስት 1 ወይ 2 ኪሎ ቢጨምር አትደንግጡ፣ ጨውና እንጀራው የያዘው ውሃ ነው በብዛት፣ የሳምንቱን አማካይ ነው ማየት። በሳምንት ግማሽ ኪሎ ከቀነሳችሁ በጣም ጥሩ ነው። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባ፣ ወይ የስኳር መድሃኒት የሚወስድ ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ምግብ አይቀንስ፤ ቁጥሩ ጭንቀት ሆኖበት መብላት የሚያስፈራው ሰውም ደብተሩን ይተወውና ሰው ያማክር።

እሁድ ማታ ደብተሩን ገልጣችሁ አንድ ነገር ብቻ ምረጡና እሱን ቀይሩ። እኔ በስኳሩ ጀመርኩ፣ ከሦስት ማንኪያ ወደ ሁለት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ አንድ፤ አሁን ዘይቱ ላይ ነኝ፣ የሽሮው ድስት ከ5 ማንኪያ ወደ 3 ወርዷል፣ ቤተሰቡም ለውጡን አላወቀም።