ታንኳ ከቤተሰብ ጋር እንዴት ይሠራል?

ሦስት ቤተሰብ ሆነን ኮምቦልቻ በአንድ የእንጨት ሥራ ቤት ግቢ ውስጥ ሦስት ታንኳ ሠርተናል። ከመካከላችን አናጺ አልነበረም። ለመሞከር ላሰባችሁ ያየነውን ልንገራችሁ።

ታንኳ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የጣናውን የደንገል ታንኳ ነው። የእኛው ከኮምፔርሳቶ ነው። ተቆርጦ በሽቦ ይሰፋል፣ ስፌቱ ኢፖክሲ በሚባል፣ ከማድረቂያ ፈሳሽ ጋር በሚቀላቀል ሙጫ ይጣበቃል። 4 ሜትር ተኩል ለሚሆን ታንኳ 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 6 ሚሊ ኮምፔርሳቶ ሦስት ይበቃል። ከመግዛታችሁ በፊት ግን ቁራጭ ለምኑ። ቤት ወስዳችሁ በማይፈለግ ድስት ውኃ ውስጥ ክተቱትና ሁለት ሰዓት ይንተክተክ። ንብርብሩ ከተላቀቀ፣ የቱንም ያህል ቢረክስ አትግዙት።

ቅርጹን መጀመሪያ በርካሽ ቺፑድ ላይ ቆርጣችሁ ለሁሉም ቤተሰብ መለኪያ አድርጉት። የግራና የቀኙን ጎን ደርባችሁ አንድ ላይ ቁረጡ። የእንጨቱ ርዝመት ስለማይበቃ ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ገጥማችሁ ከውስጥ በኩል ቁራጭ ለጥፉበት።

ከዚያ ስፌት ነው። ከጠርዙ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ በየ15 ሴንቲ ሜትሩ ብሱ። ሽቦው የመብራት ገመድ ተልጦ የሚወጣው መዳብ ይሁን፤ እሱ ለእጅ ይታዘዛል። ይህን ሥራ ልጆች ይወዱታል፣ ከአዋቂም ይፈጥናሉ። ሁሉም ሽቦ ሳይገባ አንዱንም አታጥብቁ። ስትጨርሱ ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች በፊትና በኋላ አጋድማችሁ ከጀርባ ሆናችሁ ተመልከቱ። ዘንጎቹ ትይዩ ካልሆኑ ታንኳው ተጣሟል። ሙጫ ከገባ በኋላ አይቃናም።

አሁን ከባዱ መጣ። ኢፖክሲ።

የመጀመሪያውን ታንኳ የጀመርነው ደሴ ነበር፣ በሐምሌ ጉም። ሙጫው አልደርቅ ሲል ማድረቂያውን ጨመርኩበት። የመኪና ቦዲ ሲለጠፍ እንደዚያ ሲደረግ አይቼ ነበርና። ትልቁ ስህተቴ ይህ ነው። የመኪናው ፖሊስተር የሚባል ሌላ ሙጫ ነው፤ ማድረቂያው ትንሽ ቢበዛ ቶሎ ይደርቃል። ኢፖክሲ ግን ሁለቱ ፈሳሾች በልክ ተጋብተው ነው የሚጠነክሩት። አንዱ ከበዛ ትርፉ ውስጡ ይቀራል፣ እንደ ማስቲካ ይሆናል። በሳምንቱ ስነካው ጣቴ ላይ ተለጠፈ። ሁለት እሁድ ሙሉ ባለቤቴና እኔ በስፓቱላና በአሴቶን ስንፍቅ ዋልን። ልጆቹ ቆመው ሲያዩን በጣም አዘንኩ።

ስለዚህ በዓይን ግምት አትቀላቅሉ። ጣሳው ላይ የተጻፈውን ልክ በመርፌ ሲሪንጅ ለኩ። በሚዛን ከሆነ ተጠንቀቁ፤ በመጠን 2 ለ 1 የተባለው በክብደት ሌላ ቁጥር ነው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሲኒ ብዙ አትበጥብጡ። ብዙ ሆኖ ከተጠራቀመ ራሱን አሙቆ ይጨሳል። የጣሳውን ዳርና ታች እየፋቃችሁ ሁለት ደቂቃ አማስሉ።

ሙቀትም ወሳኝ ነው። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የመድረቂያው ጊዜ እጥፍ ያህል ይሆናል። እኛ ዕቃውን ጭነን የሐረጎን ቁልቁለት ወርደን ከደሴ ሞቅ ወደሚለው ኮምቦልቻ የገባነው ለዚህ ነው። ደሴ ላይ ለምትሠሩ በበጋ፣ ከረፋዱ በኋላ ቢሆን እመርጣለሁ።

ቤተሰብ የሚያስፈልገውም እዚህ ላይ ነው። ሙጫው አይጠብቅም። አንድ ሰው ይለካል፣ አንዱ ይቀባል፣ አንዱ ስፌቱን የሚያጠናክረውን የፋይበር ግላስ (ከብርጭቆ ክር የተሠራ ጨርቅ) ጥብጣብ ያነጥፋል። የሚለካው ሌላ ሥራ አይንካ። የ13 ዓመቷ ልጄ እያንዳንዱን ልክ በደብተር ትመዘግብ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተበላሸብንም። ሙጫውን ግን ልጅ አይንካ፣ ቆዳ ያስቆጣል። አዋቂም ያለ ጓንት አይሥራ።

እንጨቶቹ ለሚገናኙበት የውስጥ ማዕዘን ሙጫው ላይ በወንፊት የተነፋ ሰጋቱራ ጨምሩበት፣ ከማንኪያ የማይወርድ ገንፎ እስኪሆን። በሽቦዎቹ መካከል ሙሉ። ሲደርቅ ሽቦውን በፒንሳ ነቅላችሁ ቀሪውን ሙሉና ጥብጣቡን አንጥፉ። በማግስቱ ላዩ ላይ ቅባት መሰል ነገር ካያችሁ በውኃ እጠቡት፤ ካልታጠበ ቀጣዩ ቅብ አይይዝም።

ብርጭቆ ወረቀት፣ ኢፖክሲ ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ቀለም። ቀለሙን ለውበት ብቻ አትዩት፤ ኢፖክሲ ፀሐይ አይችልም። በሁለቱ ጫፎች አየር የታመቀበት ዝግ ሳጥን ሥሩ፣ ቢገለበጥ እንዳይሰጥም።

ወደ ሐይቅ ከመሄዳችሁ በፊት ግቢ ውስጥ አሸዋ ላይ አስቀምጣችሁ ትንሽ ውኃ አፍሱበትና ከሥር የሚረጥብ ካለ ምልክት አድርጉ። የእኛ አንዱ በአፍንጫው በኩል አንጠባጠበ፣ በአንድ ሲኒ ሙጫ ተደፈነ። አይሱዙ ላይ ሲጫን ከሥሩ ሣር ይነጠፍ። ወሎ ውስጥ ሐይቅ ከተማ አጠገብ ያለው ሐይቅ ጥልቅ ነው፣ 80 ሜትር ያህል ይደርሳል። የሕይወት አድን ጃኬት ያልለበሰ ሰው፣ ዋናተኛም ቢሆን፣ አይሳፈር። የመጀመሪያውን ቀን ውኃው ወገብ ከሚደርስበት አትለፉ።