አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ቤት ውስጥ ስታድሱ፦ ከቀለሙ በፊት የሚቀድመው

አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ገዝቶ ቤቱ ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚያምረው መፍታት ነው። ቅዳሜ ጠዋት ይጀምራል፣ እሁድ ማታ መኪናዋ በካርቶን ተከፋፍላ ታድራለች። ከዚያ ወራት ያልፋሉ፣ የትኛው ብሎን ከየት እንደወጣ ይረሳል፣ በመጨረሻም መኪናዋ ከነካርቶኗ ለሌላ ሰው ትሸጣለች። ስለዚህ ከሁሉም በፊት የምለው ይህን ነው፦ በአንድ ቅዳሜና እሁድ መልሳችሁ መግጠም የማትችሉትን አትፍቱ። መኪናዋ እየተነዳች ትታደስ። አንዱን ክፍል ጨርሱ፣ ንዱት፣ ከዚያ ወደ ሌላው እለፉ።

እነዚህ መኪኖች ለዚህ አሠራር ይመቻሉ። ሞተራቸው ቀላል ነው፣ ኮፈኑን ስትከፍቱ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ፣ መለዋወጫቸውም እስከዛሬ ይመረታል። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ብዙ ጊዜ ምሳሌ የማደርገው ኤምጂቢ የምትባለውን የእንግሊዝ ስፖርት መኪና ነው። ከ1962 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ስለተሠራች ለጀማሪ የምመክረውም እሷን ነው። ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የሚባለው ድርጅት ከ1988 ጀምሮ ሙሉ አዲስ ቦዲዋን ሳይቀር ያመርታል። ሚኒ፣ ሞሪስ ማይነር፣ ትራያምፍ ስፒትፋየርና የድሮዎቹ ላንድሮቨሮችም ዕቃ አያሳጡም። ዕቃ ከማዘዛችሁ በፊት ግን የሻንሲ ቁጥሯን ጻፉና ያዙ። በአንድ ሞዴል ውስጥ እንኳ በየዓመቱ የተለወጠ ነገር አለ፣ "የኤምጂቢ ነው" ማለት ብቻ አይበቃም። የፋብሪካውን የጥገና መመሪያም ግዙ። ከታች የምጠቅሳቸው ልኬቶች ላይ ጥርጣሬ ከመጣ የመጨረሻው ዳኛ የእናንተው መኪና መመሪያ ነው።

መፍቻ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሚሊሜትር የተጻፈበት መፍቻ እዚህ አብዛኛውን ቦታ አይሠራም፤ የገጠመ ይመስልና የብሎኑን ጠርዝ ይበላል። ከ1950ዎቹ ወዲህ የተሠሩት በብዛት ዩኤንኤፍ የሚባለውን ጥርስ ስለሚጠቀሙ በኢንች የተለካ መፍቻ ይፈልጋሉ። ከዚያ የቆዩት ደግሞ ዊትዎርዝና ቢኤስኤፍ የሚባሉትን የድሮ የእንግሊዝ ጥርሶች ይጠቀማሉ። ዊትዎርዝ መፍቻ ላይ የተጻፈው ቁጥር የብሎኑን ዘንግ ውፍረት እንጂ የመፍቻውን አፍ ስፋት አይናገርም፣ ስለዚህ ከሌላው የኢንች መፍቻ ጋር አታምታቱት። አልላቀቅ ያለ ብሎን ላይ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ረጭታችሁ አሳድሩት እንጂ ወዲያው አትታገሉ። እያንዳንዱን ነገር ከመፍታታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ብሎኖቹን በየፌስታሉ አድርጋችሁ ስማቸውን ጻፉባቸው። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ስር ደግሞ በጭራሽ አትግቡ። ጠንካራ መሬት ላይ በብረት መቆሚያ አሳርፏት፣ ከመግባታችሁም በፊት በሁለት እጅ ገፍታችሁ ሞክሯት።

አሁን ወደ ዝገቱ። መኪናዋን ገና ሳትገዙም ቢሆን መጀመሪያ የሚታየው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ሞተር ይጠገናል፣ ዕቃ ይገዛል፣ የበሰበሰ አካል ግን ገንዘብም ጊዜም ይጨርሳል። ኤምጂቢ ከቦዲው የተለየ ሻንሲ፣ ማለትም ቦዲው የሚያርፍበት የብረት መሠረት፣ የላትም፣ ጥንካሬዋን የያዘው ራሱ ቦዲው ነው። ከበሩ ስር ከፊት ወደ ኋላ የሚሄደው ባለ ክፍት ሆድ ላሜራ ጌጥ አይደለም፣ መኪናዋ ከመሃል እንዳትጎብጥ የሚይዛት እሱ ነው። ከውጭ ቀለም የተቀባ ጤነኛ ላሜራ ታያላችሁ፣ ከውስጥ ያለው ግን አልቆ ይሆናል። መፈተኛው ቀላል ነው። በሩን ዝጉና በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት እዩ። ከዚያ መኪናዋን በክሪክ መግጠሚያዋ ላይ በጥንቃቄ አንሷት። ክፍተቱ ከጠበበ ወይም በሩ መክፈት ካስቸገረ ቦዲው እየተጠማዘዘ ነው ማለት ነው። ማግኔትም ያዙ፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ላሜራው ላይ አንሸራቱት፣ የማይዝበት ቦታ ስር ስቱኮ አለ። የላንድሮቨር ቦዲ አብዛኛው አሉሚኒየም ስለሆነ እሷ ላይ ማግኔቱ አይጠቅማችሁም፤ እዚያ ካቻቢቴ ይዛችሁ ሻንሲውን ከስር ጠቅ ጠቅ አድርጉ፣ በተለይ የኋላውን ጫፍ።

ከበሩ ስር ያለውን ላሜራ የሚቀይር ሰው በሩ ያለበትን ክፍት ቦታ መጀመሪያ በብረት ደግፎ ማሰር አለበት። ሁለቱንም ጎን ባንድ ጊዜ አትቁረጡ። አንዱን ጨርሳችሁ፣ በሩን ገጥማችሁ ክፍተቱን ለክታችሁ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። ካልሆነ ብየዳው ሲያልቅ በሩ የማይዘጋ መኪና ይኖራችኋል፣ ያንን የሚያስተካክል ስቱኮ ደግሞ የለም። ብየዳ ለማትችሉ ሰዎች ምክሬ ግልጽ ነው፦ ይህን ሥራ ለባለሙያ ስጡ፣ ገንዘባችሁንም እዚህ ላይ አውጡ። የቀረው ሁሉ በእጃችሁ ይሠራል።

ፍሬን ከሞተር ይቀድማል። የሚነሳና የማይቆም መኪና ማንም አይፈልግም። ለዓመታት የቆመች ከሆነ የፍሬን ዘይቱ ከአየር እርጥበት ስቧል፣ ውስጡም ዝጓል፤ ሙሉ በሙሉ አፍስሱት፣ በዶት 4 ቀይሩት፣ ከዚያም በየሁለት ዓመቱ። የጎማ ቱቦዎቹን አትመኑ። ከውጭ ደህና መስለው ከውስጥ ያብጣሉ፣ ፔዳሉን ስትረግጡ ዘይቱ ያልፋል፣ ስትለቁ ግን አይመለስም፣ ጎማው እንደተያዘ ይቀራል። ትንሽ ተነድቶ አንዱ ጎማ ከሌሎቹ የሚሞቅ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ቱቦ ነው። የብረት ቱቦዎቹን ስትቀይሩ የመዳብና የኒኬል ቅይጥ ምረጡ፣ አይዝግም፣ በእጅም ይታጠፋል። የድሮ የፍሬን ሸራ አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል ብናኙን በአየር አትንፉት፣ ማስክ አድርጋችሁ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ብሪታንያ ውስጥ ከ2018 ጀምሮ 40 ዓመት የሞላትና ጉልህ ለውጥ ያልተደረገባት መኪና ከዓመታዊው ምርመራ ነፃ ናት። እኔ ግን በፈቃዳችሁም ቢሆን በየዓመቱ አስመርምሯት እላለሁ፣ ከእናንተ ሌላ ዓይን የግድ ያስፈልጋታል።

ረጅም ጊዜ የቆመ ሞተር ቁልፍ በማዞር አይጀመርም። ካንዴላዎቹን ፍቱ፣ በየሲሊንደሩ ትንሽ ዘይት ጨምሩና አሳድሩት። ከዚያ ሞተሩን በእጅ አዙሩ። በቀላሉ ከዞረ የሞተር ዘይትና ፊልትሮ ቀይሩ፣ አሮጌውን ቤንዚን ከነታንከሩ አፍስሱ። ካንዴላዎቹ እንደወጡ፣ የኮይሉን ሽቦ ነቅላችሁ የዘይት ጌጁ እስኪነሳ ድረስ በሞተሪኖ አዙሩት። ካንዴላ መግጠምና ማስነሳት ከዚያ በኋላ ነው። ኤምጂቢ ላይ ቁልፍ ስትከፍቱ ከኋላ በኩል ቲክ ቲክ የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ የነዳጅ ፓምፑ ነው። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ሲሞላ ፓምፑ ዝም ማለት አለበት። ሞተሩ ሳይነሳ ማቆም ካቃተው ወይ ነዳጅ የሚያፈስ፣ ወይ አየር የሚስብ ቦታ አለ።

ሞተሩ ከተነሳ በኋላ የሚመጣው ማስተካከል ነው፣ እኔ ከሥራው ሁሉ የምወደው ይህን ክፍል ነው። ቅደም ተከተሉ አይለወጥም፦ ቫልቭ፣ ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ኤሌክትሪኩን የሚያቆራርጠው)፣ የእሳት ጊዜ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ቅጽበት)፣ መጨረሻ ላይ ካርቡሬተር። ብዙ ሰው ሞተሩ ሲንገጫገጭ ቶሎ ካርቡሬተሩ ላይ ይሄዳል፣ ጥፋቱ ግን ቫልቩ ወይም ፑንቲናው ጋ ይሆናል። ከዚያ ደህናውን ካርቡሬተር አበላሽቶ ሁለት ችግር ይዞ ይቀመጣል።

ለቫልቭ የሚኒና የኤምጂቢ ሞተሮች ድንቅ የሆነ አቋራጭ አላቸው። ስምንቱን ቫልቮች ከፊት ወደ ኋላ ቁጠሩ። 8 ቁጥር ሙሉ በሙሉ ሲከፈት 1 ቁጥርን ለኩ፣ 6 ቁጥር ሲከፈት 3ን፣ 4 ሲከፈት 5ን። የሁለቱ ድምር ሁልጊዜ 9 ነው። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲለካ የሚኒ ክፍተት 0.30 ሚሊሜትር፣ የኤምጂቢ 0.38 ነው። መለኪያ ላሜራው ሲሳብ ትንሽ ያዝ ማድረግ አለበት፣ ዝም ብሎ መንሸራተት የለበትም። ሉካስ የሚባለው የእንግሊዝ የመኪና ኤሌክትሪክ ዕቃ አምራች የሠራው ዲስትሪቢዩተር ፑንቲና ደግሞ ከ0.35 እስከ 0.40 ሚሊሜትር ይከፈታል። ፑንቲናው ካልተስተካከለ የእሳቱን ጊዜ መለካት ትርጉም የለውም፣ ክፍተቱ ሲለወጥ ጊዜውም አብሮ ይለወጣልና።

ኤስዩ የሚባለውን የካርቡሬተር ዓይነት ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ግን አሠራሩን ካወቃችሁት ግልጽ ነው። ሞተሩ አየር ሲስብ ውስጡ ያለው ፒስቶን ከፍ ይላል፣ ከፒስቶኑ ጋር የታሰረ ጫፉ የቀጠነ መርፌ ከነዳጁ ቀዳዳ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል፣ ነዳጅ ይጨምራል። በቃ። ስለዚህ መጀመሪያ ፒስቶኑ በነፃነት መውጣትና መውረዱን አረጋግጡ፣ አንስታችሁ ስትለቁት ታች ደርሶ ጠቅ ማለት አለበት። ከላይ ያለውን ክዳን ፍቱና ዘይቱን እዩ። ክዳኑን ስትመልሱ የሚገፋችሁ ነገር ከሌለ ቀጭን የሞተር ዘይት ጨምሩ፤ ዘይት ከጎደለ ነዳጅ ስትሰጡ ሞተሩ ይንተባተባል።

የነዳጅና የአየር ድብልቁን ለማወቅ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። በሚኒሞ እየሠራ ፒስቶኑን አንድ ሚሊሜትር ያህል ብቻ አንሱት። ዙሩ ጨምሮ በዚያው ከቀጠለ ነዳጅ በዝቷል። ወዲያው ሊጠፋ ካለ አንሷል። ለቅጽበት ከፍ ብሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ልክ ነው። ማስተካከያው ከካርቡሬተሩ ስር ያለው ባለ ስድስት ጎን ዳዶ ነው፣ ወደ ላይ ሲዞር ነዳጅ ይቀንሳል፣ ወደ ታች ሲዞር ይጨምራል። በአንድ ጊዜ አንድ ጎን ብቻ አዙሩና ጠብቁ። ሁለት ካርቡሬተር ካለ ቀጭን የጎማ ቱቦ ጆሯችሁ ላይ አድርጋችሁ የየአፋቸውን የአየር ፉጨት አዳምጡ። ሁለቱ እኩል እስኪያፏጩ ድረስ አስተካክሉ፣ ከዚያ ድብልቁን እንደገና ፈትሹ።

ኤሌክትሪኩ ላይ የሉካስን ስም የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው፣ እኔ ግን ጥፋቱን የማየው ብዙ ጊዜ ማሳው ላይ ነው። ሽቦው ከቦዲው ጋር የሚገናኝበት ቦታ ዝጎ ወይም ቀለም ተቀብቶ ይገኛል። መብራት ከደበዘዘ፣ ፍሬቻ ሲበራ ሌላ መብራት አብሮ ካበራ፣ ዕቃ ከመቀየራችሁ በፊት የማሳውን ብሎን ፍቱ፣ እስከ ብረቱ ድረስ ፍቁት፣ መልሳችሁ እሰሩት። ሽቦዎቹን በቀለማቸው ማንበብ ይቻላል፦ ቡናማ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበትና ፊውዝ የሌለው ነው፣ ነጭ በቁልፍ የሚከፈት፣ አረንጓዴ በቁልፍ ተከፍቶ በፊውዝ ያለፈ፣ ሐምራዊ ያለ ቁልፍ ግን በፊውዝ፣ ጥቁር ማሳ። ቡናማውን ስትነኩ ባትሪው ይነቀል። እስከ 1967 ድረስ በተሠሩ ኤምጂቢዎች ላይ ደግሞ ከቦዲው ጋር የሚገናኘው የባትሪው ፖዘቲቭ ነው። የዛሬ ሬዲዮ ወይም ኤሌክትሮኒክ ዕቃ እንዲሁ ብትገጥሙባት ይቃጠላል፣ ባትሪ ስትነቅሉም ቀድሞ የሚነቀለው ፖዘቲቩ ነው።

ስለ ዘይት አጭር ነገር ልበል። ለሞተር 20ደብልዩ-50፣ ለድሮ ሞተር የተዘጋጀና ዚንክ ያለበት ይሁን። ሚኒ ሞተሯና ካምቢዮዋ አንድ ዘይት ይጋራሉ፣ ስለዚህ በጊዜው መቀየሩን አታዘግዩት። ለስፒትፋየር የፊት እግር መገጣጠሚያ የሚገባው ወፍራም የማርሽ ዘይት እንጂ ግሪስ አይደለም፣ በግሪስ የተሞላ ደርቆ ሊሰበር ይችላል። ቤንዚን ላይ ኢታኖል ያነሰበትን ምረጡ፣ የድሮ ጎማ ይበላልና። የነዳጅ ቱቦዎቹንም ኢታኖል በሚችሉት ቀይሩ፣ የነዳጅ ሽታ ሞተሩ አካባቢ ከመጣ ሳትነዱ ፈልጉት።

ይህ ሁሉ አልፎ መኪናዋ ያለ ችግር መሄድ ስትጀምር ቀለም ይምጣ። ቀለም ቅቡ ደርቆ ሲያልቅ በየላሜራው ሆድ ውስጥ የዝገት መከላከያ ሰም በረጅም ቱቦ እርጩ፦ ከበሩ ስር፣ በሮቹ ውስጥ፣ ከፊት መብራቶቹ ኋላ። ከዚያ በፊት ግን ከስር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በሽቦ ክፈቱ፣ ሰሙ ከደፈናቸውም እንደገና ክፈቷቸው። የመጀመሪያዎቹን ጉዞዎች አጭር አድርጉ። ስትመለሱ የጎማ ዳዶዎችን፣ የመሪውን መገጣጠሚያና የፍሬን ዘይቱን መጠን እዩ፣ መኪናዋ ከቆመችበት ስርም ጠብታ ካለ የምን እንደሆነ በጣታችሁ ነክታችሁ ለዩ።