የሐረማያን ውሃ ጥራት እንዴት እንለካለን?

ሐረማያ ደርቆ የተመለሰ ሐይቅ ነው። ስለዚህ እኔ ውሃውን ለዓይን ግምት ብቻ አልተወውም። እናንተም ለኩት።

20 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ ቁረጡ። አራት ቦታ ከፍላችሁ ጥቁርና ነጭ እያፈራረቃችሁ ቀቡት። መሐሉን ብሱና በየ10 ሳንቲሜትሩ ምልክት ባለው ገመድ እሰሩት፤ ከሥሩ ድንጋይ አንጠልጥሉ። እኩለ ቀን ገደማ በጀልባዋ ጥላ በኩል ቀስ አድርጋችሁ አውርዱት። የተሰወረበትን ጥልቀት ጻፉ፤ ስትስቡት ብቅ ያለበትንም። አማካዩን ያዙ።

ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ደፍርሷል ማለት ነውና ቀለሙን እዩ። ቡናማ ከሆነ ደለል ነው፤ ጥልቀት የሌለውን ሐይቅ ነፋስ እስከ ታቹ ያምሰዋል። አረንጓዴ ከሆነ ግን ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ያፋፋው አልጌ (በውሃ ውስጥ የሚራባ ደቃቅ አረንጓዴ ነገር) ሊሆን ይችላል፤ አንዳንዱ መርዛም ነውና ከብት አታጠጡበት። ዳር የበቀለውን ቄጠማ ደግሞ እባካችሁ አትጨዱ፤ ደለሉን የሚይዝልን እሱ ነው።