የስንዴ ግሉተን የሚሠራው ማሳ ላይ ነው፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሊጡ ሲሳብ ከተበጠሰ ወይም ዳቦው አልነፋ ካለ የሚወቀሰው ጋጋሪው ነው። ሊጡን አያይዞ የሚይዘውን ግሉተን የሚሠሩት ሁለቱ ፕሮቲኖች፣ ግሊያዲንና ግሉቴኒን፣ ግን ስንዴው ካበበ በኋላ ባሉት አምስት ስድስት ሳምንታት ፍሬው ውስጥ ተጠራቅመው አልቀዋል። ዳቦ ቤት ውሃ ጨምሮ ያገናኛቸዋል እንጂ አይፈጥራቸውም።

ፕሮቲንን ሁሉ ግሉተን አድርጎ መቁጠር

ካበበ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሁለት ሳምንታት ገደማ ፍሬው ሥራው በዋናነት ሕዋስ ማባዛት ነው። በዚያን ጊዜ የሚበዙት ለራሱ ዕድገት የሚያስፈልጉት ፕሮቲኖች ናቸው። ግሊያዲንና ግሉቴኒን በ10ኛው ቀን አካባቢ ብቅ ይላሉ፤ ከዚያም ፍሬው ሲጫኑት ወተት ከሚያወጣበት ጊዜ አንስቶ እንደ ሊጥ እስኪጠጥር ድረስ በፍጥነት ይከማቻሉ። በመጨረሻ ከፍሬው ፕሮቲን እስከ 80 በመቶ የሚደርሰው የእነሱ ድርሻ ይሆናል። የሚቀመጡት ግን ነጭ ዱቄት በሚሆነው ክፍል ውስጥ ነው። ፉርሽካውና የሚበቅለው ጽንስ ፕሮቲን አላቸው፣ ሊጥ የሚይዝ ግሉተን ግን አይሰጡም። ስለዚህ ፉርሽካ የበዛበት ዱቄት በምርመራ ፕሮቲኑ ከፍ ቢልም ሊጡ ይጠነክራል ማለት አይደለም።

ዩሪያን ገና በማለዳው መጨረስ

ናይትሮጅን የሚሰጠውን ማዳበሪያ፣ ዩሪያን፣ ቀድሞ መጨረስ ከሁሉም የከፋው ስህተት ነው። ፍሬው ውስጥ የሚገባው ናይትሮጅን አብዛኛው ከአበባ በፊት በሥር ተስቦ ቅጠልና አገዳ ውስጥ ተቀምጦ የቆየ ነው። ዛላው ሲሞላ የታችኞቹ ቅጠሎች ቢጫ እየሆኑ የሚሄዱት ያላቸውን ወደ ላይ ስለሚያስረክቡ ነው።

ሂሳቡን እንየው። በሄክታር 40 ኩንታል ምርት በ12 በመቶ ፕሮቲን ለማግኘት ፍሬው ብቻውን 84 ኪሎ ገደማ ናይትሮጅን ይፈልጋል (የስንዴ ፕሮቲን ለ5.7 ሲካፈል ናይትሮጅኑን ይሰጣል)። በ10 በመቶ ፕሮቲን ከሆነ 70 ኪሎ ይበቃዋል። ልዩነቱ 14 ኪሎ፣ ማለትም 30 ኪሎ ያህል ዩሪያ ነው፤ ሥር የተጣለለትን ሁሉ ስለማይወስድ በተግባር ከዚያ በላይ ያስፈልጋል። ሙሉው መጠን ቡቃያው ሲያጎነቁል ካለቀ ግንዱና ዛላው ይበዛል፣ ምርቱ ይጨምራል፣ ፕሮቲኑ ግን በብዙ ስታርች መሀል ይሳሳል። ስለዚህ ከሲሶ እስከ ሩብ የሚሆነውን አስቀርቶ ዛላው ከመውጣቱ በፊት፣ የመጨረሻዋ ቅጠል በተዘረጋችበት ጊዜ መስጠት ይሻላል። አፈሩ እርጥብ መሆን አለበት። በደረቅ መሬት ላይ የተበተነ ዩሪያ ሥር ሳይደርስ ከፊሉ ወደ አየር ይተናል።

ሰልፈርን መርሳት

የግሉቴኒን ሰንሰለቶች እርስ በርስ የሚያያዙት በሰልፈር ድልድይ ነው። ሰልፈር ሲያንስ ተክሉ ፕሮቲን መሥራቱን አያቆምም፤ ሰልፈር የማይፈልጉትን የግሊያዲን ዓይነቶች ያበዛል። ናይትሮጅን በብዛት ሰጥተው ሰልፈር የነፈጉት ስንዴ ፕሮቲኑ ጥሩ ይመስላል፣ ሊጡ ግን ደረቅና ሳይለጠጥ የሚቀደድ ይሆናል። ፍሬው ውስጥ ናይትሮጅን ከሰልፈር ከ17 እጥፍ በላይ ሲሆን እጥረቱ ግልጽ ነው።

ማሳ ላይ ሁለቱን እጥረቶች መለየት ይቻላል። ናይትሮጅን ሲያንስ ቢጫ የሚሆነው አሮጌው የታችኛው ቅጠል ነው። ሰልፈር ሲያንስ አዲሱ የላይኛው ቅጠል ይገረጣል፤ ሰልፈር ከአሮጌ ቅጠል ወደ አዲስ በቀላሉ አይሸጋገርምና። ኤንፒኤስ የተባለው ማዳበሪያ (19-38-7) በኩንታል 7 ኪሎ ሰልፈር ይሰጣል፤ ዳፕ (18-46-0) ግን ምንም አይሰጥም።

ከፍ ያለ የፕሮቲን ቁጥር አይቶ መደሰት

ፍሬው በሚሞላበት ጊዜ ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ ሲያልፍ፣ ይልቁንም 35 ሲደርስ፣ በይበልጥ የሚጎዳው የስታርች ክምችት ነው። ፍሬው ይቀጭጫል፣ ፕሮቲኑ በመቶኛ ከፍ ይላል፣ ትልልቆቹ የግሉቴኒን ሰንሰለቶች ግን በደንብ አይገነቡም። ወረቀቱ ላይ 14 በመቶ የተጻፈለት ስንዴ ሊጡ ሊላላ የሚችለው በዚህ ነው። በአዋሽ ሸለቆ በመስኖ የሚዘሩ ገበሬዎች ከኅዳር ባያልፉ ይመረጣል፤ የዘገየ ስንዴ ፍሬው የሚሞላው ሙቀቱ በበረታበት ወቅት ነው። የዋግ በሽታም የመጨረሻዋን ቅጠል ሲበላ ፍሬውን ያቀጭጫል፤ የሚረጨው መድኃኒት ያቺን ቅጠል ለመጠበቅ መድረስ አለበት።

አጨዳ ላይ መቸኮልም ማዘግየትም

ግሉቴኒን ተሠርቶ ካለቀ በኋላም ፍሬው ሲደርቅ ሰንሰለቶቹ ይበልጥ ይያያዛሉ። ያላለቀ እርጥብ ፍሬ አጭዶ በሙቅ አየር ማድረቅ ይህን ያቋርጣል፤ የፍሬው ሙቀት ከ60 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ግሉተኑ ይሞታል፣ ታጥቦም አይሰበሰብም። የደረሰው ስንዴ ዝናብ ከመታው ዛላው ላይ እያለ መብቀል ይጀምራል፣ ስታርቹንም ፕሮቲኑንም የሚፈጩ ኢንዛይሞች ይነቃሉ። የተመታውን ክፍል ለብቻ አጭዶ ለብቻ መክመር እንጂ ከጥሩው ጋር መቀላቀል አይገባም። ለጎተራ እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ይሁን።

ዝርያም አይዘንጋ። የፓስታ ስንዴ ፕሮቲኑ ቢበዛም ለዳቦ ሊጥ የመለጠጥ ጉልበት ከሚሰጡት ጂኖች ዋና ዋናዎቹን የያዘው፣ የዳቦ ስንዴ ያለው ሦስተኛው የክሮሞዞም ስብስብ የለውም።

ከምርመራ ወረቀት በተጨማሪ በእጅ መፈተን ቀላል ነው። 100 ግራም ነጭ ዱቄት በ60 ሚሊ ሊትር ውሃ አቡክተው 30 ደቂቃ ያሳርፉ። ከዚያ በቀጭን ውሃ ስር፣ ከስሩ ወንፊት አድርገው፣ ውሃው ነጭ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ በእጅዎ እየጨመቁ ይጠቡት። የቀረውን ጨምቀው ይመዝኑ፦ ለዳቦ ከ25 እስከ 35 ግራም ጥሩ ነው። ጠቅልለው ሳህን ላይ ለአንድ ሰዓት ይተውት። ክብ ሆኖ ከቆየ ጠንካራ ነው፤ እንደ ገንፎ ከተዘረጋ ልል ነው፤ ወንፊቱ ላይ ተበታትኖ አልሰበሰብ ካለ ደግሞ ስንዴው በሙቀት፣ በዝናብ ወይም በማድረቂያ ተጎድቶ እንደሆነ ይጠርጥሩ።