ሴንሰሮች ተያይዘው ሲጠፉ፦ የፋብሪካ ገመድ አልባ ኔትወርክ ችግርና መፍትሄ

ገመድ አልባ ሴንሰር ከስክሪን ላይ ሲጠፋ ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ባትሪውን ነው። ስቶር ይኬዳል፣ አዲስ ባትሪ ይወጣል፣ ይቀየራል። ሴንሰሩ ይመለሳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይጠፋል። እንዲህ ተብሎ በተጠራሁባቸው ፋብሪካዎች አብዛኛውን ጊዜ ባትሪው ጥፋት አልነበረበትም። የተበላሸው መልእክቱ የሚሄድበት መንገድ ነው።

የምጽፈው ዋየርለስ ሃርት (ሴንሰሮች መልእክት እየተቀባበሉ የሚያስተላልፉበት የፋብሪካ ገመድ አልባ ስታንዳርድ) ለተገጠመላቸው ፋብሪካዎች ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ሌላ የቅብብል ኔትወርክ ያላችሁም ብዙው ይጠቅማችኋል። ጌትዌዩ (የሴንሰሮቹን መልእክት ሰብስቦ ለኮንትሮል ሲስተሙ የሚሰጠው መሣሪያ) መብራት አለው ወይ፣ ኬብሉ ተሰክቷል ወይ የሚለውን አይታችሁ እንደጨረሳችሁ ቆጥሬ ልቀጥል።

መጀመሪያ ሦስት ጥያቄ

ስንት ሴንሰር ጠፋ? የጠፉት የት የት ያሉት ናቸው? የሚጠፉት መቼ ነው?

አንድ ብቻ ከጠፋ ችግሩ እዚያው ሴንሰሩ ላይ ወይም አጠገቡ ነው። ሁሉም ባንዴ ከጠፉ ጌትዌዩን፣ የጌትዌዩን አንቴናና መብራቱን እዩ። በአንድ አቅጣጫ ያሉት ብቻ ተያይዘው ከጠፉ ግን ዋናው በሽታ እሱ ነው፤ በሰፊው እመጣበታለሁ።

ሦስተኛውን ጥያቄ የሚመልስላችሁ የኮንትሮል ሩም ኦፕሬተሩ ነው። "ዝናብ ሲዘንብ ነው"፣ "መብራት ሄዶ ሲመጣ ነው" የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ግማሽ ቀን ልፋት ያድናል። ኦፕሬተሩን ሳያናግር መፍቻ ይዞ ጣሪያ ላይ የሚወጣ ቴክኒሺያን ያናድደኛል።

አዲስ ሴንሰር አልገባ ሲል

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሁለት አንዱ ነው። አንደኛው የኔትወርክ አይዲው ወይም የመግቢያ ቁልፉ ስህተት ነው። ቁልፉ 128 ቢት፣ ማለትም 32 ፊደልና ቁጥር ነው። አንዷ ከተሳሳተች ሴንሰሩ አይገባም፤ የቱ ጋ እንደተሳሳታችሁም አይነግራችሁም። ከወረቀት ላይ በእጅ አትገልብጡ። ስምንት ቁጥርና ቢ ፊደል በእጅ ጽሑፍ አይለዩም።

ሁለተኛው ትዕግስት ማጣት ነው። የተረጋጋ ኔትወርክ አዲስ ሴንሰር ለመቀበል የሚያሰማውን ጥሪ ይቀንሳል። ስለዚህ አዲሱ እስኪገባ ረጅም ጊዜ ሊወስድ ይችላል። በመሀል ባትሪውን እየነቀሉ መልሶ መሰካት ሥራውን ከዜሮ ያስጀምረዋል። ጌትዌዩ ላይ ጥሪውን የሚያጠናክር ማዘዣ አለ። እሱን አብሩና ጠብቁ። ብዙ ሴንሰር የምታስገቡ ከሆነ ደግሞ ለጌትዌዩ ከሚቀርበው ጀምሩ። ሩቁ የሚገባው በቅርቡ በኩል ነው።

ተያይዘው ሲጠፉ

ሩቅ ያለ ሴንሰር ጌትዌዩን በቀጥታ አያገኘውም። መልእክቱን ለጎረቤቱ ይሰጣል፣ ጎረቤቱ ደግሞ ለቀጣዩ ያቀብላል። ጊዜው በ10 ሚሊሰከንድ ተከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ተራ ይሰጠዋል፣ ቻናሉም ይቀያየራል። አንዱ ጎረቤት ቢጠፋ መልእክቱ በሌላው በኩል ይሄዳል። ሻጮቹ "ራሱን በራሱ የሚጠግን ኔትወርክ" የሚሉት ይህንን ነው። እውነት ነው፣ ሌላ ጎረቤት ካለ።

ደጋግሜ የማየው ሌላ ጎረቤት የሌለበትን ነው። ከቦይለሩ ወዲያ ያሉት ሁሉ በአንድ ሴንሰር በኩል ያልፋሉ። እንዲህ ይሁን ብሎ ያቀደው ሰው የለም። የአቀባዩ ሴንሰር ቦታ ስለተመቸ ብቻ ሁሉም በሱ በኩል መንገድ አገኘ። እሱ ደህና እስከሆነ ድረስ ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። እሱ ሲያነክስ ከጀርባው ያሉት ሁሉ አብረው ይወድቃሉ።

ይህንን የምታዩት ኔትወርኩ በወደቀ ቀን ሳይሆን በደህናው ቀን ነው። የጌትዌዩን ገጽ ክፈቱና የጎረቤቶችን ዝርዝር አንድ በአንድ ተመልከቱ። እያንዳንዱ ሴንሰር ቢያንስ 3 ጎረቤት ይኑረው። በቀጥታ ጌትዌዩን የሚያገኙት ከጠቅላላው ሩብ ያህል ይሁኑ። ሲግናሉ ከ-75 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) የተሻለ ይሁን፤ ቁጥሩ ኔጌቲቭ ነውና -85 ከ-75 የባሰ እንጂ የተሻለ አይደለም። የመንገዱ አስተማማኝነት ከ60 በመቶ አይውረድ። በዝርዝሩ ላይ አንድ ስም ብቻ በየቦታው እየተደጋገመ ካያችሁ ታማሚውን አግኝታችኋል።

አንድ ስኳር ፋብሪካ ውስጥ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ኔትወርኩ የተተከለው በክረምት ጥገና ወቅት ነው። ወፍጮው ቆሟል፣ የባጋስ (አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ) ማከማቻው ሜዳ ባዶ ነው። ሁሉም ሴንሰር ገባ፣ ተፈተሸ፣ ተፈረመ። ምርት ሲጀመር ከሜዳው ማዶ ያሉት የውሃ ፓምፕ ሴንሰሮች መጥፋት ጀመሩ። ወፍጮው ደህና ሲፈጭ ይጠፋሉ፤ ወፍጮው ሲቆም ከሰዓታት በኋላ ይመለሳሉ። ስለዚህ ሁሉም ሰው የወፍጮውን ሞተር ጠረጠረ። ሞተሩ ሲግናል ይረብሻል ተብሎ ብዙ ብር የወጣበት የኬብል መከለያ ተገዛ። ምንም ለውጥ የለም።

ጥፋተኛው ባጋሱ ነበር። ከመጨረሻው ወፍጮ የሚወጣ ባጋስ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው። ውሃ ደግሞ 2.4 ጊጋኸርዝን ይውጠዋል። ወፍጮው ሲፈጭ ትርፍ ባጋስ ይከመራል፣ ክምሩም በአቀባዩ ሴንሰርና በፓምፖቹ መሀል ግድግዳ ይሆናል። ወፍጮው ሲቆም ቦይለሩ ክምሩን እያነደደ ያሳንሰዋል፣ መንገዱም ይከፈታል። ምስጢሩ "ከሰዓታት በኋላ" የምትለው ቃል ላይ ነበረች። ሞተር ቢሆን ኖሮ እንደቆመ ወዲያው ይመለሱ ነበር። ከክምሩ በላይ፣ የማጓጓዣው ብረት ላይ አንድ አቀባይ ሰቀልን፣ በጎን በኩል ደግሞ ሌላ ጨመርን። በቃ።

ከዚህ የሚወሰደው ቁም ነገር፦ ኔትወርክ የሚፈተሸው ፋብሪካው በሙሉ ኃይሉ በሚሠራበት ጊዜ ነው። መጋዘኑ ሲሞላ፣ መኪና ሲቆም፣ ታንኩ ሲሞላ። ባዶ ግቢ ላይ ተፈትሾ የተፈረመ ርክክብ አትቀበሉ።

ሌላ ቦታ ደግሞ ሴንሰሩ ከዝናብና ከሌባ እንዲጠበቅ ተብሎ የቆርቆሮ ሳጥን ተሠርቶለታል። አንቴናው ጭምር ውስጥ ነው። የተቆለፈ፣ ቀለም የተቀባ፣ በደንብ የተበየደ ሳጥን። ብረት ሲግናል አያሳልፍም! ሳጥን የግድ ካስፈለገ ፕላስቲክ ወይም ፋይበር ይሁን፤ ካልሆነም አንቴናው ውጭ ይቅር። ሴንሰሮቹ የተሠሩት ለዝናብ ነው፤ ሳጥን አያስፈልጋቸውም።

ከሁሉም የሚበዛው ግን የሜካኒክ ቡድን ጥገና ነው። ቧንቧ ሊቀየር ሴንሰሩ ይፈታል፣ መሬት ላይ ይቀመጣል። መካኒኩ አንድ የሙቀት መለኪያ ያነሳ ይመስለዋል። ያነሳው የስምንት ሴንሰር መንገድ ነው። በየአቀባዩ ላይ ታርጋ ለጥፉ፦ "ይህ ሴንሰር የሌሎችን መልእክት ያስተላልፋል፤ ሳታሳውቁ አታንሱ።" አንቴናውን እንደ እጀታ ይዘው መሰላል የሚወጡትንም ይመለከታል።

መፍትሄው አቀባይ መጨመር ነው። የት? የሻጩ ወረቀት ላይ ያለው ከ200 ሜትር በላይ ርቀት እርስ በርስ በግልጽ ለሚተያዩ ሁለት አንቴናዎች ነው። ብረትና ቧንቧ በተጨናነቀበት ቦታ 30 ሜትር ብላችሁ አቅዱ። መኪና የሚያልፍበት፣ መሀል መሀል ክፍት የሆነ ቦታ ላይ 75 ሜትር አካባቢ። አንቴናው ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ከግድግዳና ከወፍራም ቧንቧ ግማሽ ሜትር ይራቅ። ከአንድ ይልቅ ሁለት አቀባይ ጨምሩ። አንድ ብቻ ከጨመራችሁ ያንኑ ችግር ወደ ሌላ ቦታ ነው ያዛወራችሁት።

ሲግናል ማጉያ ገዝተን ጌትዌዩ ላይ እንግጠም የሚል ሰው አይጠፋም። አትግጠሙ። የጌትዌዩ ድምፅ ሩቅ ይሰማል፣ የሴንሰሩ መልስ ግን በዚያው በትንሽ ኃይሉ ነው የሚመጣው። ሁለቱ ካልተሰማሙ ግንኙነት የለም።

ባትሪው ቶሎ ቶሎ ሲያልቅ

ለዓመታት ይቆያል የተባለ ባትሪ በወራት ካለቀ፣ ሴንሰሩ ለስንት ጎረቤት እንደሚያቀብል እዩ። አቀባይ የሌሎችንም መልእክት ስለሚያስተላልፍ ባትሪው ቀድሞ ይሞታል። ያው ከላይ ያለው በሽታ ነው፣ በሌላ ምልክት የመጣ። ባትሪ እየቀያየሩ መኖር መፍትሄ አይደለም። ጫናውን አካፍሉት። በየሰከንዱ እንዲልክ የተደረገ የታንክ ከፍታ መለኪያም ካለ ወደ ደቂቃ መልሱት፤ ታንክ በሰከንድ አይሞላም።

አዲሱ ባትሪ ራሱ ሴንሰሩን አላስነሳ ካለ ሌላ ጉዳይ ነው። የነዚህ ሴንሰሮች ባትሪ ሊቲየም ታዮኒል ክሎራይድ፣ 3.6 ቮልት ነው። ስቶር ውስጥ ብዙ ሲቀመጥ፣ በተለይ በሙቀት፣ ሊቲየሙ ላይ ስስ ሽፋን ይፈጠራል። በቴስተር ሲለካ 3.6 ያሳያል፤ ሴንሰሩ ኃይል ሲጠይቀው ግን ቮልቱ ዘጭ ይላል። ብዙ ጊዜ ሰክቶ ትንሽ በመጠበቅ ይነቃል። ካልነቃ አምራቹ በሚለው መንገድ በመጠነኛ ጭነት ይነቃል። ዋልታዎቹን በሽቦ አገናኝቶ "ማስነሳት" ክልክል ነው። ቻርጅ ማድረግም፣ ብየዳ ማስነካትም። ይፈነዳል! ከገበያ ኦሪጅናል ተብሎ የሚመጣ ፎርጅድ ባትሪም አትግጠሙ። ፈንጂ ጋዝ ወይም አቧራ ባለበት ቦታ ደግሞ ለቦታው የተፈቀደው የባትሪ ሞጁል ብቻ ነው የሚገባው።

ዝናብ ሲዘንብ ሁሉም ሲዳከም

የጌትዌዩ ውጪያዊ አንቴና ኮኔክተር ውስጥ ውሃ ገብቷል። ሐምሌ ላይ ሁልጊዜ ይህ ነው። ፍቱት፣ አረንጓዴ ዝገት ታያላችሁ። አድርቃችሁ መልሳችሁ አትግጠሙት፤ ቁረጡና አዲስ ግጠሙ። ከዚያ ራሱን በራሱ የሚያጣብቅ የጎማ ቴፕ ጠምጥሙበት። ተራ ናስትሮ በፀሐይ ይላላል፣ ውሃውን ከማስቀረት ይልቅ ውስጥ ይይዘዋል። ኬብሉ ሕንፃው ውስጥ ከመግባቱ በፊትም ወደ ታች ተንጠልጥሎ ይመለስ፣ ውሃው እዚያ ይንጠባጠብ።

ኬብሉንም እዩት። ቀጭኑ አርጂ 58 በዚህ ፍሪኩዌንሲ በየሜትሩ 1 ዴዚቤል ገደማ ይበላል። 10 ሜትር ዘረጋችሁ ማለት ከኃይሉ አንድ አሥረኛው ብቻ ነው አንቴናው ጋ የሚደርሰው። ወፍራሙ ኤልኤምአር 400 ከዚያ ሩብ ያህሉን ነው የሚበላው። የዲሽ ኬብል ደግሞ 75 ኦህም ነው፣ የኛ 50። ዲሽ ላይ ይቅር።

ቁጥሩ አለ፣ ግን አይነቃነቅም

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ይህ ነው። ሴንሰሩ ጠፍቷል፤ ጌትዌዩ ግን የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ለኮንትሮል ሲስተሙ ማቅረቡን ይቀጥላል። ኦፕሬተሩ 82 ዲግሪ ያያል። አሁንም 82። ቤሪንጉ እየተቃጠለ 82። ሞድባስ (ጌትዌዩ ለኮንትሮል ሲስተሙ ቁጥር የሚያስተላልፍበት ቋንቋ) ላይ ቁጥሩን ብቻ አምጥቶ የጤንነት ምልክቱን የተወ ሰው ሥራውን አልጨረሰም። የእያንዳንዱ ሴንሰር የግንኙነት ሁኔታም ስክሪኑ ላይ ይምጣ፣ አላርም ይኑረው። ጌትዌዩም ግንኙነት ሲቋረጥ የድሮውን ቁጥር እንዳይዝ፣ ሊሆን የማይችል እሴት እንዲሰጥ አድርጉት። ከዚያ አንድ ሴንሰር ባትሪውን አውጡና ስክሪኑ ምን እንደሚያሳይ በዓይናችሁ እዩ። ይህንን ሳታደርጉ ርክክብ አትፈርሙ። ካልተደረገ ነገ ዛሬ ሳትሉ አድርጉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ

ጄነሬተሩ እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ጌትዌዩን ታጠፋዋለች፣ ኔትወርኩም እንደገና ይገነባል። ትልቅ ኔትወርክ ሲሆን ጊዜ ይፈጃል፣ በየጊዜው መልሶ መግባቱም የሁሉንም ባትሪ ይበላል። ጌትዌዩ ኃይሉ ትንሽ ነው የሚበላው፤ በዩፒኤስ ላይ አድርጉት። ኮንትሮል ሩሙ ውስጥ ካለ ሻይ ማፍያ ጋር የሚጋራው ዩፒኤስ አይሁን።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ዋይፋይ፦ ቻናል ስለሚቀያየር ብዙም አይጎዳም፤ ግን የካሜራ ገመድ አልባ አንቴና ከጌትዌዩ አንቴና ጎን ከተሰቀለ አራርቋቸው።

የአንቴናው ኮኔክተር ጠብቆ ይታሰራል ግን ሲግናል የለም፦ ኤስኤምኤና አርፒ ኤስኤምኤ የሚባሉት ሁለት ተመሳሳይ የኮኔክተር ዓይነቶች ተጋብተዋል፤ ጥርሱ ይገጥማል፣ መሀሉ አይነካካም።

ከመብረቅ በኋላ ጌትዌዩ በርቶ ማንንም ካልሰማ፦ የመብረቅ መከላከያውን ቀይሩ፣ መሬት ሽቦውንም ለኩ።