ያገለገለ የእግር ስፌት መኪና ስንት ያወጣል?

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ከኮምቦልቻ ደወለችልኝ። ስፌት ተምራ ጨርሳለች። በረንዳ ላይ ቦታም አግኝታለች። የቀራት መኪናው ብቻ ነው። «ሰውዬው ሲንጀር ነው፣ የድሮ ነው፣ የእንግሊዝ ነው ይለኛል፤ የጠራው ዋጋ ግን ከአዲሱ ቻይና ይበልጣል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?» አለችኝ። በስልክ ብዙ ነገር ነገርኳት። ይህንን ጥያቄ የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ስላልሆነች ግን ቁጭ ብዬ ልጻፈው።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ፦ መኪናው ዓይናችሁ እያየ በራሳችሁ ጨርቅና በራሳችሁ ክር ሳይሰፋ ስለ ዋጋ አትነጋገሩ። «ስንት ትላለህ?» ካላችሁ በኋላ ልባችሁ ብሩ ላይ ነው የሚሆነው፤ ብረቱን አታዩትም።

ስለዚህ ከቤት ስትወጡ አንድ ፌስታል ያዙ። ውስጡ ቁራጭ ፖፕሊን፣ ቁራጭ ጅንስ፣ ሁለት ቀለም ክር (ነጭና ቀይ ይሁን)፣ ሁለት አዲስ መርፌ፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ይኑር። የስልካችሁን መብራትም ቻርጅ አድርጉ፤ የመኪናው ሆድ ጨለማ ነው። ደሴ ሰኞ ገበያ ስትሄዱ ደግሞ ጠዋት ሂዱ። ማታ ላይ ሻጩም ገዢውም ለመሄድ ይቸኩላል፤ ችኮላ ላይ የተገዛ መኪና ደግሞ ሁሌም ውድ ነው።

እኔ የመጀመሪያ መኪናዬን የገዛሁት እንደዚያ ቸኩዬ ነው። ጥቁር፣ የሚያብረቀርቅ፣ የወርቅ ቀለም ጌጡ ያልለቀቀ ሲንጀር ነበር። ሻጩ «ወላሂ ምንም የለበትም» አለኝ፤ እውነቱን ነው፣ ምንም አልነበረበትም። ችግሩ የታችኛው ክር ላይ ነበር። የታችኛውን ክር የሚይዘው ቤት እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ረዘም ብሎ፣ ጫፉ እንደ ጀልባ ሹል ሆኖ ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ዓይነት ነው። ቦቢኑም (የታችኛው ክር የሚጠመጠምበት) ክብ ሳይሆን እንደ ቀጭን ዘንግ ረጅም ነው። ከመኪናው ጋር የመጣው አንድ ቦቢን ብቻ ነበር። እሱ ሲጣመምብኝ ደሴን ከፒያሳ እስከ ቧንቧ ውሃ አዳረስኩ፤ አጣሁ። አዲስ አበባ መርካቶ ሰው ላክሁ። ሥራ የሚበዛበት የበዓል ሰሞን መኪናዬ ቆሞ፣ የተቀበልኩትን ልብስ ጎረቤት ወስጄ እያሰፋሁ አለፈ። እንዲህ ዓይነቱን ሲንጀር 27 እና 28 ይሉታል፤ ጥሩ መኪና ነው፣ ስፌቱም ያማረ ነው። ግን በስፌት እንጀራ ለሚበላ ሰው መለዋወጫው የማይገኝ መኪና ዋጋው ግማሽ ነው። እኔ እንዲያውም ከግማሽ በታች እለዋለሁ።

ስለዚህ መጀመሪያ የምታዩት ሆዱን ነው። ከመርፌው ሥር ያለውን ተንሸራታች ክዳን ክፈቱ፤ ጭንቅላቱንም ወደ ኋላ ገልብጡትና ከታች እዩት። ክብ ቦቢን፣ ከጎን የሚገባ የቦቢን ቤት፣ ከኋላው ደግሞ ማጭድ የመሰለች ብረት ካያችሁ ሲንጀር 15 ነው፤ ወይም የእሱ ቅጂ ነው። ቻይናዎቹ በተርፍላይና መሰሎቹ የተሠሩት በዚሁ በ15 ንድፍ ነው። ለዚህ ነው ቦቢኑም፣ ቤቱም፣ መርፌውም በየሱቁ የሚገኘው። የዋጋችሁ መሠረት ይሄ ነው፤ ስሙ ወይም ዕድሜው አይደለም።

አሁን ማጭዷን በደንብ እዩልኝ። ጫፏ እንደ ጥፍር ሹልና ለስላሳ መሆን አለበት። መርፌው ወርዶ ትንሽ ከፍ ሲል፣ ያቺ ጫፍ ናት ከመርፌው ጀርባ ገብታ የላይኛውን ክር የምትወስደው። ጫፏ ከደነዘች፣ ዝገት ከበላት፣ ወይም መርፌ እየመታት ከተቆረሰች ስፌቱ ይዘላል። ጣታችሁን ቀስ አድርጋችሁ አሳልፉባት፤ የሚቧጭር ነገር ካለ ክራችሁንም ይበጥሰዋል። ትቀየራለች፣ ግን ብር ነው፤ ያንን ብር ከዋጋው ላይ ቀንሱ።

ከዚያ መዘውሩን በእጅ አዙሩ። ቺንጋውን አውልቁና ቀስ ብላችሁ ሙሉ ዙር አዙሩት። ሁለት ዓይነት መክበድ አለ፤ ልዩነቱን ካወቃችሁ ብዙ ብር ታተርፋላችሁ። ዙሩን በሙሉ እኩል የሚከብድ ከሆነ የደረቀ ዘይት ነው። በተለይ ደሴ ላይ ጠዋት፣ ጉሙ ሳይነሳ፣ አሮጌ ዘይት እንደ ሙጫ ይሆናል። ያው መኪና ኮምቦልቻ ወርዶ ከሰዓት በኋላ ቢሞከር ቀለል ብሎ ይዞራል። ይህ በሽታ አይደለም። በነጭ ጋዝ ይታጠባል (ከእሳት ራቅ ብላችሁ)፣ በደንብ ይደርቃል፣ የስፌት መኪና ዘይት ይጠጣል፤ አለቀ። ሻጩ «ተበላሽቷል» ብሎ በርካሽ የሚሰጣችሁ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው፤ ደስ ብሏችሁ ግዙ። አንድ ቦታ ላይ ብቻ እየያዘ ሌላው ቦታ ላይ የሚለቅ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። ማጭዷ ሥር የገባ ቁራጭ ክር ሊሆን ይችላል፤ አውጥታችሁ እንደገና ሞክሩ። ክር ካልሆነ የተጣመመ ብረት አለ ማለት ነው፤ ያንን መካኒክ ሳያይላችሁ ቀብድ አትስጡ።

መርፌውን የያዘውን ዘንግ በሁለት ጣት ያዙና ወደ ጎን ነቅንቁት። ቀጭ ቀጭ ካለ ዘንጉ የሚገባበት ቤት ተበልቷል። ለብዙ ዓመት ያለ ዘይት የሠራ መኪና እንዲህ ይሆናል። ለስስ ጨርቅ ይሠራላችሁ ይሆናል፤ ጅንስ ላይ ግን መርፌ ይሰብራል። እኔ ይህ ካለበት መኪና ላይ ሌላው ሁሉ ቢያምርም አልገዛም።

ጨርቁን የሚገፉትን ጥርሶች በጣታችሁ ዳብሱ። ሹል ካልሆኑ ጨርቁ ይንሸራተታል። መርፌው የሚገባበትን ቀዳዳም እዩ፤ ዙሪያው በመርፌ ተወቅቶ ከሰፋ ወይም ከተፋቀ ስስ ጨርቅ ወደ ውስጥ ይጎትታል። ሁለቱም ይቀየራሉ፣ ዋጋቸውም ብዙ አያስደነግጥም። የላይኛው ክር ማጥበቂያ ላይ ያለችው ቀጭን ሽቦም አትረሳ። ብዙ ጊዜ ተሰብራ ነው የምትገኘው፤ ሻጩም አያውቃት።

አሁን ስፉ። አዲሱን መርፌ ራሳችሁ ክተቱ። ከላይ ነጭ፣ ከታች ቀይ ክር አድርጉ። መጀመሪያ ፖፕሊኑን ሁለት አጥፋችሁ ክንድ የሚያህል ስፉ፤ ቀጥሎ ጅንሱን አራት አጥፋችሁ። ከዚያ ወደ ፀሐይ ውጡና እዩት። ሁለቱ ክሮች መቆላለፍ ያለባቸው ጨርቁ መሃል ላይ ነው። ከላይ ቀይ ነጠብጣብ ካያችሁ የላይኛው ክር ጠብቋል፤ ከታች ነጭ ካያችሁ ላልቷል። ይህ በማስተካከያው የሚድን ነው፣ በዚህ ብቻ ዋጋ አታራክሱ፤ የሰው ዕቃ ነው፣ ያለ ሐቅ አይጣልም። የሚያስፈራው መዝለሉ ነው። ስፌቱ አንዱ አጭር አንዱ ረጅም ከሆነ፣ ወይም አራት ሄዶ አንድ ከዘለለ፣ ወደ ማጭዷና ወደ መርፌው ዘንግ ተመለሱ፤ ምክንያቱ እዚያው ነው። ግን አስቀድማችሁ መርፌው በትክክል መግባቱን አረጋግጡ። የ15ቱ መርፌ ጠፍጣፋ ጎኑ ወደ ግራ ነው የሚዞረው፣ ክሩም ከቀኝ ወደ ግራ ነው የሚገባው። በተሳሳተ መርፌ የተነሳ ጤነኛ መኪና «አይሰፋም» ተብሎ ሲሸጥ በዓይኔ አይቻለሁ።

ስለ ዕድሜ ደግሞ። «የእንግሊዝ ነው» የሚሉት አብዛኛው ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የተሠራው ነው። ያ ፋብሪካ የተዘጋው በ1980 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ ትንሹ እንኳን ከአርባ ዓመት በላይ ነው። በስተቀኝ በኩል መሠረቱ ላይ የተመታ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ፊደል ከሌለው ከ1900 እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ ነው። በዋይ (Y) ከጀመረ ክላይድባንክ በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. የተሠራ ነው፤ በኢ (E) ጀምሮ ሌላ ፊደል ከተከተለ ከ1935 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ይህን የምነግራችሁ በውሸት እንዳትታለሉ ነው እንጂ ለዕድሜው ብር እንድትጨምሩ አይደለም። ቁጥሩ ከተፋቀ፣ ወይም «ሲንጀር» የሚለው የተለጠፈ ወረቀት ብቻ ሆኖ ጎኑ ላይ በሚስማር የተመታው የናስ ምልክት ከሌለ፣ ቀለም የተቀባ ቅጂ ሊሆን ይችላል። ቅጂ መሆኑ ኃጢአት የለበትም፤ በቅጂ ዋጋ ግዙት።

አንድ ወሬ ደግሞ እዚህ ላይ ልዝጋ። በ2009 እ.ኤ.አ. ሳዑዲ ውስጥ የድሮ ሲንጀር ውስጥ «ቀይ ሜርኩሪ» የሚባል ውድ ነገር አለ ተብሎ ተወራ። ሞባይል ወደ መርፌው ጠጋ ሲደረግ መስመሩ ከተቋረጠ አለው ማለት ነው ተባለ። አንዳንዱ መኪና እስከ 200,000 ሪያል ተጠራበት። ውሸት ነበር፤ የስፌት መኪና ውስጥ ብረትና ዘይት ብቻ ነው ያለው። ወሎ ውስጥ ሳዑዲ ዘመድ የሌለው ቤት ጥቂት ነውና ወሬው እኛም ጋ ደርሷል። የእናቱን መኪና አልጋ ሥር ደብቆ ሚሊዮን የሚጠብቅ ሰው አጋጥሞኛል። ከእንዲህ ያለ ሻጭ ጋር አትከራከሩ። በጨዋነት ተሰናብታችሁ ሂዱ።

ወደ ዋጋው እንምጣ። መጀመሪያ ሁለት ዋጋ ጠይቁ፦ አዲስ ቻይና ከነጠረጴዛው ስንት ነው፣ በደንብ የሚሰፋ ያገለገለ 15 ደግሞ ስንት ነው። አንድ ሱቅ ሳይሆን ሦስት ሱቅ ጠይቁ፤ አንድ ልብስ ሰፊም ጠይቁ፤ ልብስ ሰፊ እውነቱን ይነግራችኋል። ከዚያ ከጤነኛው ዋጋ ላይ ጉድለቱን እየቀነሳችሁ ኑ። ለስሌት ያህል ጤነኛው 12,000 ብር ነው እንበል። ማጭዷና የቦቢን ቤቱ 1,500 ቢሆኑ፣ ጥርሱ 500፣ የመካኒክ እጅ 1,000፣ 9,000 ቀረ። መኪናው እስኪጠገን ሥራ ለምትፈቱበት ደግሞ 1,000 አንሱ። 8,000 ማለት ነው። ይህ የመጨረሻ ዋጋችሁ ነው፤ መነሻችሁ ከዚያ ዝቅ ይበል። ቺንጋ፣ መርፌ፣ ዘይት የመሳሰሉትን አትቁጠሩ፤ በሳንቲም መነታረክ ሻጩን ያስቀይማል፣ ትልቁ ላይም እንዳይቀንስ ያደርገዋል። ደላላ ካለ ኮሚሽኑን ማን እንደሚከፍል ከመነጋገራችሁ በፊት ጨርሱ።

ጠረጴዛውና የብረት እግሩ የዋጋው ትልቅ ክፍል ናቸው። ፔዳሉን ከትልቁ ጎማ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ ነቅንቁ፤ የብረቱን እግር ስንጥቅ ፈልጉ፤ እንጨቱን ከሥር ገልብጣችሁ ምስጥ እንዳልበላው እዩ። ሞተር ተገጥሞለት ፔዳሉ የተጣለበት መኪና ከሆነ እኔ ዋጋ እቀንሳለሁ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ የሚፈታ ልብስ ሰፊ መሆን አልፈልግም።

የማን እንደሆነም ጠይቁ፣ ሳታፍሩ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ስንት ሱቅ እንደተዘረፈ ሁላችንም እናውቃለን። ዛሬም ድረስ ዕቃው የት እንደገባ የማያውቅ ሰው አለ። ዋጋው በጣም ከረከሰ፣ ሻጩም ከየት እንዳመጣው ሲጠየቅ ከተቆጣ፣ ተዉት። ካመናችሁት ውል ጻፉ፤ ብረቱ ላይ የተመታውን ቁጥር ውሉ ላይ አስገቡ፤ ሁለት ምስክር አስፈርሙ።

ከደሴ ኮምቦልቻ የምትወስዱት ከሆነ የሐረጎን ቁልቁለት እንደተገጠመ አታውርዱት። ጭንቅላቱን ከጠረጴዛው ፍቱ፤ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ብታላሉ ይወጣል። መርፌውን አውልቁ፣ ጨርቅ አጥፋችሁ መርፌው ጋ ጨርቁን ከሚጫነው እግር ሥር አድርጉና እግሩን አውርዱበት። ቦቢኑንና የቦቢን ቤቱን በኪሳችሁ ያዙ። ጠረጴዛው ሚኒባስ ላይ ይጫን፤ ጭንቅላቱን ግን በጋቢ ጠቅልላችሁ ጭናችሁ ላይ አድርጉት። ልጅቷም በመጨረሻ ሌላ 15 አግኝታ እንዲሁ አድርጋ ነው ያወረደችው፤ ከባድ ነው፣ እግር ያደነዝዛል፣ ግን ሳይነካ ይደርሳል።