በቀይ ስር ሙከራ የፈላ ውሃን 100 ዲግሪ ብላችሁ አታስሉ

የሕዋስ ሽፋን በሙቀት ሲጎዳ ቀለም እንደሚያፈስ በቀይ ስር ለምታሳዩ መምህራን፦ አራት ኪሎ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ከፍታው ነዋ። ቴርሞሜትር ከሌለ እኩል መጠን ካለው የ20 ዲግሪ ውሃ ጋር ስትቀላቅሉት 56 ላይ ያርፋል እንጂ 60 አይደርስም፤ ብርጭቆው ራሱም ጥቂት ሙቀት ይወስዳል። የሽፋኑ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን የሚያጡት እዚያው አካባቢ ስለሆነ 4 ዲግሪ ቀላል አይደለም።

ቀይ ስሩን በ1 ሳንቲ ሜትር ኩብ ከቆረጣችሁ በኋላ ውሃው እስኪጠራ በቀዝቃዛ አለቅልቁት። ቢላ የቀደዳቸው ሕዋሳት ያለ ሙቀትም ቀለም ይለቃሉ፤ ይህ ከተዘለለ ለማነጻጸሪያ ያልሞቀ የ20 ዲግሪ ውሃ የያዘው ብርጭቆ እንኳ ይቀላና ተማሪው ግራ ይጋባል። ለዕቃው የሻይ ብርጭቆ ይበቃል።